ከፎርት ወርዝ እስከ ቦልደር፦ የአዲስ አሰልጣኝ ተስፋ በሀይዌይ 287

የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን በ2022 ካደረጋቸው 12 ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱንም ካሊፎርኒያን በጭማሪ ሰዓት 20 ለ 13። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 3 ዲዮን ሳንደርስ አሰልጣኝ ሆኖ ተሾመ። የአምስት ዓመት ውሉ 29.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ሪክ ጆርጅ ገንዘቡ ገና በእጃቸው እንደሌለ አልደበቀም። ደጋፊው ግን አልጠበቀም። የወቅቱ ትኬት ከ1996 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸጦ አለቀ። በኤፕሪል በረዶ እየጣለ የተደረገውን የእርስ በርስ ልምምድ ጨዋታ እንኳ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገብቶ አየው።

የ2023 ወቅት የመጀመሪያ ጨዋታ በቴክሳስ ፎርት ወርዝ፣ ሁለተኛው በቦልደር ሜዳ ነበር። በመካከላቸው አንድ ሳምንት አለ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ደግሞ ሀይዌይ 287 ነው። ይህ ማስታወሻ ያንን ሳምንት ቀን በቀን ይከተላል። ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱ እንደ አሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 27 (ሴፕቴምበር 2)፦ ፎርት ወርዝ

ከዳላስ የሚነሳ ሰው መኪናውን ትቶ በትሪኒቲ ሬይልዌይ ኤክስፕረስ ባቡር ቢሄድ ይሻለዋል። ጉዞው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባቡሩ ቅዳሜ ይሠራል፣ እሑድ ግን አይሠራም፤ ስለዚህ አድሮ መመለስ የሚያስብ ሌላ መንገድ ይያዝ። ከፎርት ወርዝ ጣቢያ እስከ ቲሲዩ (የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ) ሜዳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል፤ እሱን በታክሲ ነው።

ጨዋታው የሚጀምረው ከጠዋቱ 11 ሰዓት ነው። በዚህ ወቅት የቴክሳስ ሙቀት ቀልድ አይደለም፤ በመጀመሪያው ሩብ ጥላ ውስጥ የነበረ ወንበር በሦስተኛው ሩብ ፀሐይ ላይ ሊሆን ይችላል። ውኃ መጠጣት የሚጀመረው ሜዳ ሲገባ አይደለም፣ ከቁርስ ጀምሮ ነው።

ቲሲዩ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ለአገር አቀፉ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በጆርጂያ 65 ለ 7 የተሸነፈ ቡድን ነው። በደረጃ 17ኛ ነበር። አወራራጆቹ ኮሎራዶ ከ20 ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት ይሸነፋል ብለው ነበር። ውጤቱ ኮሎራዶ 45፣ ቲሲዩ 42 ሆነ። የአሰልጣኙ ልጅ ሸዱር ሳንደርስ ከ47 ውርወራ 38ቱን አድርሶ 510 ያርድ አስመዘገበ፤ የዩኒቨርሲቲው ክብረ ወሰን ነው። አራት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው ከ100 ያርድ በላይ ተቀበሉ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው ዲላን ኤድዋርድስ አራት ተችዳውን (ኳሷን የተጋጣሚ ጎል ክልል ማድረስ) አገባ፤ የመጨረሻው 46 ያርድ የሮጠበት፣ ጨዋታው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ተኩል ሲቀረው ነው። ትራቪስ ሀንተር በማጥቃትም በመከላከልም ተሰልፎ ከመቶ በላይ ጊዜ ሜዳ ላይ ነበር፤ 11 ኳስ ተቀብሎ አንድ ደግሞ ከጠላት ቀማ። ከጨዋታው በኋላ ዲዮን ጋዜጠኞቹን አሁንስ አመናችሁ ወይ እያለ ጠየቃቸው።

ያመኑት ብዙ ናቸው። የዚያን ቀን ሌላ ቁጥር ግን አብሮ መጻፍ አለበት። ኮሎራዶ ኳሷን ይዞ በመሮጥ ያገኘው 55 ያርድ ብቻ ነው፤ ቲሲዩ 262 ሮጧል። ይህ ክፍተት የሚመጣው ከኋላ ካሉት ፈጣን ልጆች አይደለም፣ ፊት ለፊት ከሚጋጠሙት ግዙፎች ነው። ስለዚህ በሜዳም በቴሌቪዥንም ስታዩ ኳሷ ከመነሳቷ በፊት ዓይናችሁን ከኳርተርባኩ (ከኳስ ወርዋሪው) ላይ አንሱ። ከፊቱ አምስት ሰዎች ቆመዋል፦ መሐል ሴንተር፣ በግራና ቀኙ ሁለት ጋርድ፣ ዳርና ዳር ሁለት ታክል። ኦፌንሲቭ ላይን (የማጥቃት መስመር) የሚባሉት እነሱ ናቸው። ኳሷ ስትነሳ ቁጠሩ። በሁለት ሰከንድ ተኩል ውስጥ ከእጁ ከወጣች የአምስቱ ድክመት ብዙም አይታይም። ሦስት ሰከንድ ካለፈና ከአምስቱ አንዱ ወደ ኋላ እየተገፋ ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ኳርተርባኩ ኳሷን እንደያዘ መውደቁ ነው፤ ሳክ ይሉታል።

በፎርት ወርዝ ይህ ጎልቶ ያልታየው የማጥቃቱ አስተባባሪ ሾን ሉዊስ ከኬንት ስቴት ይዞት በመጣው ፈጣን አጨዋወት ነው። አጭር ውርወራ፣ ወዲያው ተሰልፎ ሌላ አጭር ውርወራ፤ ተጋጣሚው የደከመ ተከላካዩን ለመቀየር ፋታ አያገኝም። በዚያ ሙቀት የቲሲዩ ልጆች ወገባቸውን ይዘው ሲተነፍሱ ነበር። ዘዴው ጥሩ ነው። ግን ቀዳዳውን ይሸፍነዋል እንጂ አይደፍነውም።

እሑድ፣ ነሐሴ 28፦ ፎርት ወርዝ – አማሪሎ

ወደ 545 ኪሎ ሜትር (340 ማይል) ነው፤ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል። መንገዱ በዲኬተር፣ ዊቺታ ፎልስ፣ ቨርነን፣ ቺልድረስና ክላረንደን አድርጎ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል። ዋናው አደጋ ትራፊክ ፖሊስ ነው። በሜዳው ላይ የፍጥነት ወሰኑ 70 እና 75 ማይል ሆኖ ይቆይና ትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ በድንገት ወደ 45፣ አንዳንዴም ወደ 35 ይወርዳል። ክሩዝ ላይ አድርጎ ወሬ የያዘ ሹፌር የሚቀጣው እዚያ ነው። በዚህ መስመር ጭነት የሚያመላልሱ ሹፌሮቻችን ይህንን አሳምረው ያውቁታል።

መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ስለሆነ ዋናውን ጥያቄ ለማንሳት ይመቻል፦ አንድ ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን በዘጠኝ ወር ውስጥ እንዴት ይህን ያህል ይቀየራል? ለቡድኑ ከሰማንያ በላይ አዲስ ተጫዋች መጣ። ይህ ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ሊሆን አይችልም ነበር፤ የቻለው ሦስት ነገር ስለገጠመ ነው። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋች አንድ ዓመት ቁጭ ብሎ ሳይጠብቅ አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት መቀየር ተፈቅዶለት ነበር፤ ስሙን ትራንስፈር ፖርታል (ቡድን መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች መዝገብ) ላይ ያስገባና ፈላጊ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ በዓመት ከ25 በላይ አዲስ ተጫዋች ማስፈረምን የሚከለክለው ጣሪያ ተነስቷል። ሦስተኛ፣ አዲስ አሰልጣኝ በመጀመሪያ ዓመቱ ነባር ተጫዋቾችን ከቡድኑ ማሰናበት ይችላል፤ የትምህርት ክፍያቸውን ዩኒቨርሲቲው እየሸፈነ። የስኮላርሺፕ ቦታው በዚያን ጊዜ 85 ነበር። ዲዮን ሲመጣ ለነባሮቹ ፖርታሉ ውስጥ እንዲገቡ ፊት ለፊት ነገራቸው፤ የራሱን ዕቃ ይዞ እንደሚመጣም አልሸሸገም።

ፖርታል ላይ ግን ሁሉም ነገር በእኩል አይገኝም። ፈጣን ተቀባይና ጥሩ ኮርነርባክ (ተቀባዩን የሚከላከል) ይገኛል፤ ተጠባባቂ ሆኖ የሰለቸ ጎበዝ በየትምህርት ቤቱ አለ። ጥሩ ታክል ግን ያለውን ቡድን አሰልጣኙ በቀላሉ አይለቀውም። ቢገኝም አምስቱ በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ቀድሞ ከረገጠ ሁሉም ይወላገዳል። ተከላካዮቹ ቦታ ተለዋውጠው ሲመጡ ማን የቱን ይይዛል የሚለው በቃል ሳይሆን በልምድ የሚፈታ ነው፤ ልምዱም አብሮ ከመሰለፍ ነው የሚመጣው። በእኛ ግምት የዚያ ዓመት ተስፋ ሁሉ የሚመዘነው እዚህ ላይ ነበር።

አማሪሎ 1,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የበሬ ሥጋ አገር ስለሆነ እራት ምን እንበላለን ብሎ መጨነቅ የለም። ከጨለማ በፊት የደረሰ አፍንጫቸው መሬት ውስጥ የተተከሉትን አሥር ካዲላኮች ከከተማው ምዕራብ በአይ-40 ዳር ማየት ይችላል፤ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ሰኞ፣ ነሐሴ 29፦ አማሪሎ – ኦሮራ

የዛሬው መንገድ ይረዝማል፦ ወደ 680 ኪሎ ሜትር፣ ከዕረፍት ጋር ስምንት ሰዓት። ዱማስ፣ ስትራትፎርድ፣ ከዚያ የኦክላሆማዋ ቦይዚ ሲቲ፣ ቀጥሎ ኮሎራዶ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ፣ ላማር፣ ኢድስ፣ ኪት ካርሰን፣ ላይመን። ከላይመን በኋላ አይ-70 ነው።

ከዱማስ በላይ ነዳጅ ከግማሽ በታች አይውረድ። በተለይ ላማር ላይ ሞልታችሁ ውጡ፤ ከዚያ እስከ ላይመን ወደ 190 ኪሎ ሜትር ሲሆን በመንገዱ ያሉት ከተሞች ትናንሽ ናቸው፤ ዛሬ ደግሞ የሠራተኞች ቀን በዓል ስለሆነ የሚዘጋ ይኖራል። መንገዱ በብዙ ቦታ አንድ መሄጃ አንድ መመለሻ ብቻ ነው፣ ከባድ መኪናም ይበዛበታል። ለመቅደም የቸኮለ ሰው የሚሳሳተው በርቀት ግምት ነው፤ በሜዳማ አገር ከፊት የሚመጣ መኪና ከእውነቱ የራቀ ይመስላል። የጎን ነፋሱም መሪ ይነቀንቃል። ቦይዚ ሲቲ መሐል በፍርድ ቤቱ ዙሪያ ብዙ መንገዶች የሚገናኙበት አደባባይ አለ፤ የ287 ሰሜን ምልክትን ሳታዩ አትውጡ። ኮሎራዶ ድንበር ላይ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል።

የቅዳሜው ተጋጣሚ ኔብራስካ ነው፤ ይህ ጠብ ታሪክ አለው። ቢል መካርትኒ በ1982 ኮሎራዶን ሲረከብ ቡድኑ የወደቀ ነበር። ኔብራስካ ያኔ ኃያል ነበር፤ መካርትኒም ጠላታችን እሱ ነው ብሎ በስሙ ለየው። ብዙ ሰው ሳቀበት። በ1990 ግን ኮሎራዶ ከጆርጂያ ቴክ ጋር የሚጋራውን የአገር አቀፍ ሻምፒዮንነት አገኘ። በ2001 ኔብራስካን 62 ለ 36 የደቆሱበት ጨዋታም እስካሁን በደጋፊው አፍ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ቁልቁለት ነው። ከ2016 በኋላ እስከ 2022፣ በኮሮና ምክንያት ካጠረው ከ2020 በቀር፣ በየወቅቱ ካሸነፈው የተሸነፈው ይበዛ ነበር። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ የመካርትኒ ቡድን ወደ ላይ ለመውጣት ዓመታት ፈጅቶበታል፤ በሦስተኛ ዓመቱ እንኳ ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። የ2023 ደጋፊ በአንድ ክረምት የጠበቀው እሱ በዓመታት ያመጣውን ነው።

ማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከነሐሴ 30 እስከ ጳጉሜን 2፦ ኦሮራና ዴንቨር

ኦሮራ ማረፍ ከቦልደር ይረክሳል፤ ሃቫና መንገድና አካባቢው ላይ የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ በሽ ነው። የዚያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበር እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ሱቆቹ በዚህ ሳምንት ቡናና ቅቤ የሚሸምት ሰው ይበዛባቸዋል። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን መሆኑን ላልሰሙ የጨዋታ ጓደኞቻችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በያይነቱ እንጂ ክትፎ የለም።

ማክሰኞ የወጣው የጋዜጠኞች ደረጃ ኮሎራዶን 22ኛ አደረገው። ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት በዚያን ጊዜ ይወዳደርበት ከነበረው የፓክ-12 ሊግ 12 ቡድኖች 11ኛ ይሆናል የተባለ ቡድን ነው።

ትኬት ያልያዘ ሰው ሥራው በእነዚህ ቀናት ነው። ትኬቱ በስልክ ብቻ ነው የሚሠራው፤ በፎቶ የተላከ ትኬት አትግዙ፣ ባርኮዱ ይቀያየራልና በር ላይ ዋጋ የለውም። ሻጩ በይፋዊው መተግበሪያ ወደ ስልካችሁ እንዲያስተላልፍላችሁ ጠይቁ፤ ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ስጡ። ኔብራስካዎች ርቀት የማይበግራቸው ደጋፊዎች ናቸው፤ በ2019 የፎልሰም ሜዳን ቀይ አልብሰውት ነበር። በ2023 የወቅቱ ትኬት ቀድሞ በማለቁ ያን ያህል አልቀናቸውም።

ዓርብ፣ ጳጉሜን 3፦ ቦልደር

ከዴንቨር ዩኒየን ጣቢያ ፍላታይረን ፍላየር የሚባለው አውቶቡስ ቦልደር ያደርሳል። በዚያን ጊዜ ዋጋው 5.25 ዶላር ነበር፤ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ወደ 2.75 ወርዷል። በመኪና የሚሄድ በዩኤስ 36 ነው። የክፍያ መስመሩ ሦስት ሰውና ከዚያ በላይ ለጫነ መኪና ነጻ ነው፣ ነገር ግን ክፍያውን የሚመዘግበው፣ ማዞሪያ ያለው መሣሪያ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ለብዙ ሰው ወደሚለው መዞር አለበት። አራት ሆናችሁ ያለ መሣሪያ ከገባችሁ ካሜራው ታርጋ ነው የሚያየው፤ ሒሳቡ ቤት ድረስ ይመጣል።

ቦልደር 1,655 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አዲስ አበባ ለለመደ ሳንባ ይህ ሜዳ ነው፤ ዳላስ ዓመታት ለኖረ ሰው ግን ደረጃ ሲወጣ ይታወቀዋል፣ ቢራም ፈጥኖ ይሠራል። ፎልሰም ሜዳ በ1924 የተከፈተ ሲሆን ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። ለአገራችን ሯጮችም እንግዳ አይደለም፤ በየዓመቱ ሜይ ማለቂያ ላይ የሚደረገው የቦልደር ቦልደር የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ የሚያልቀው እዚሁ ሜዳ ውስጥ ነው፤ ማሚቱ ዳስካ በተደጋጋሚ አሸንፋበታለች።

ማታ 7 ሰዓት ላይ የዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ቡድን በፐርል ጎዳና እየተጫወተ ያልፋል። ቦታ ለመያዝ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይበቃል። በዚያ ሳምንት የነበረው ሕዝብ ግን ከወትሮው የተለየ ነበር፤ ወርቃማና ጥቁር የለበሰው መሐል ቀይ የለበሰ ኔብራስካዊም አልጠፋም። እነሱም አዲስ አሰልጣኝ ይዘው ነው የመጡት፦ ማት ሩል። ተስፋቸው የኮሎራዶ ግልባጭ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ በመስመር ሰዎች፣ ከታች ወደ ላይ። የመጀመሪያ ጨዋታቸውን በሚኒሶታ 13 ለ 10 ተሸንፈው ነበር።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 4፦ ፎልሰም ሜዳ

ጨዋታው ጠዋት 10 ሰዓት ነው። መኪና ያቆመ ሰው ለመብላትና ለመተያየት ጊዜ ከፈለገ 7 ሰዓት ላይ እዚያ ይድረስ። ቦርሳ ከሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ብቻ፤ ሌላው በር ላይ ይመለሳል፣ መኪናው ደግሞ ሩቅ ነው። በጠዋት ጨዋታ በምዕራብ በኩል የተቀመጠ ሰው ፀሐይ ፊቱን ትመታዋለች፤ ኮፍያና ቅባት ያዙ። የደጋ ፀሐይ ሳይሞቅ ያቃጥላል።

ከጨዋታው መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ወንበራችሁ ላይ ሁኑ። ራልፊ የምትባለው እውነተኛ ጎሽ ከአምስት ሯጭ ጠባቂዎቿ ጋር ሜዳውን በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ትዞራለች። ከሁለተኛው ግማሽ በፊትም ትደግማለች፤ መጸዳጃ ቤት ወረፋ ላይ ያለ ሰው ያመልጠዋል።

የመጀመሪያው ሩብ ዜሮ ለዜሮ አለቀ። የቲሲዩ ጨዋታ ቁጥሮች ያሰከሩት ሰው ተደናገጠ፤ አምስቱን ሲያይ የነበረው ግን ምክንያቱ ገብቶታል። ኔብራስካ ሦስት ሰው ከፊት አቁሞ የቀሩትን ከየአቅጣጫው ይልክ ነበር፤ የኮሎራዶ መስመር ማን የቱን እንደሚይዝ እስኪግባባ ሸዱር ደጋግሞ ተጣለ። ያተረፈው እሱ ራሱ ነው፤ ከወደቀበት እየተነሳ 393 ያርድ ወረወረ። ዜቪየር ዊቨር ብቻውን 170 ያርድ ተቀበለ። ኔብራስካም አራት ጊዜ ኳስ ተነጠቀ። እረፍት ላይ 13 ለ 0፣ በመጨረሻ 36 ለ 14። ሕዝቡ አጥሩን ዘሎ ሜዳውን ሞላው። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ከታችኛው ረድፍ ተነስታችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ ግፊያው የሚጀምረው ፊሽካው ሳይነፋ ነው።

መውጫ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ሳትጠብቁ መኪና አታስነሱ፤ ዩኤስ 36 ይቆማል።

እሑድ፣ ጳጉሜን 5፦ መመለሻ

በሳምንቱ ውስጥ ደረጃው ወደ 18 ከፍ አለ። ወቅቱ አልቆ ሲታይ ግን ጨዋታዎቹ ሁሉ ወደዚያው አምስት ሰው ይመለሳሉ። በሳምንቱ ኮሎራዶ ስቴትን በሁለት ጭማሪ 43 ለ 35 አሸነፉ፤ ትራቪስ ሀንተር ግን ጉበቱ ላይ ተጎድቶ ሦስት ጨዋታ አመለጠው። ኦሪገን ላይ 42 ለ 6 ተሸነፉ፤ የመስመር ልዩነት ምን እንደሆነ ለማየት ከዚያ የተሻለ ጨዋታ የለም። ስታንፎርድን እስከ እረፍት 29 ለ 0 መርተው 46 ለ 43 ተረቱ። ኖቬምበር ላይ ማጥቃቱን የመጥራት ሥራ ከሾን ሉዊስ ተወስዶ ለፓት ሸርመር ተሰጠ። መጨረሻው 4 ድል፣ 8 ሽንፈት ሆነ፤ ለቦውል (ከወቅቱ በኋላ ለሚደረገው) ጨዋታ ስድስት ድል ያስፈልጋል። ሸዱር በ11 ጨዋታ 52 ጊዜ ተጣለ፣ የመጨረሻውንም ጨዋታ በጉዳት አልተሰለፈም። ሾን ሉዊስን ማውረድ በእኛ እይታ ስህተት ነበር፤ የመስመሩን ድክመት የሚሸፍነው ብቸኛ መጋረጃ ፍጥነቱ ነበርና። በ2024 መስመሩ በብዛት በአዲስ ሰው ተቀየረ፤ ቡድኑ 9 አሸንፎ 4 ተሸነፈ፣ ሀንተርም የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚያገኘውን የሃይዝማን ሽልማት ወሰደ።

ወደ ቴክሳስ ሲመለሱ 287ን መድገም ግዴታ አይደለም። በአይ-25 ወደ ደቡብ በፑኤብሎና ትሪኒዳድ ወርዶ የራተንን ማለፊያ (2,388 ሜትር) መሻገር፣ ከዚያ በክሌይተንና ዳልሃርት አማሪሎ መግባት ይቻላል። ትራፊኩ እስከ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ይከብዳል፤ ከጠዋቱ 7 ሰዓት በፊት መውጣት ነው። ነዳጅ ትሪኒዳድ ወይም ራተን ላይ ሙሉ፤ ከራተን እስከ ክሌይተን ወደ 130 ኪሎ ሜትር ሲሆን የስልክ መስመርም የሚቆራረጥበት ቦታ አለ። ከማለፊያው ቁልቁል ስትወርዱ ፍሬን ላይ አትቁሙ፣ ማርሽ ቀንሱ። ዳልሃርት ስትደርሱ የከብቱ ማደለቢያ ሽታ ይቀበላችኋል፤ መስኮት ዝጉና የአየር ማስገቢያውን ወደ ውስጥ ዙር አድርጉት።